ምቱ ሠራቸው ወይስ አወጣቸው? በጨቅላ ከዋክብት ዙሪያ ስላለው የተመታ ጋዝ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከዋክብት የሚወለዱበት ጋዝ ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ይባላል። በዚህ ብርድ ኬሚስትሪ ጭራሽ መሥራት የለበትም። ታዲያ ጨቅላ ኮከብ ጋዙን ሲመታው ሜታኖል ተገኘ፣ ውሃ ተገኘ፣ ሲሊከን ሞኖክሳይድ ተገኘ የሚባለው እንዴት ነው? ሞለኪውሎቹን የሠራቸው ምቱ ነው ወይስ ቀድሞም ነበሩ? ነበሩ ካላችሁስ በምን አወቃችሁ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። በተለይ የመጨረሻዋ። ብዙ ጽሑፍ «ምቱ ሞለኪውሎችን ይፈጥራል» ብሎ ያልፋል፤ እሷ ዓረፍተ ነገር ግማሽ እውነት ናት።

መልሱን ላስቀድም። አብዛኞቹ ቀድመው ነበሩ፤ ምቱ ከተደበቁበት አወጣቸው። ጥቂቶቹን ግን በእርግጥ ምቱ ራሱ ነው የሠራቸው። የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ መለየት የእኛ የሰማይ ተመራማሪዎች የዕለት ሥራ ነው። አንዳንዴም እንጣላበታለን።

ከምቱ በፊት ምን እንደነበረ እንይ። ጋዙ 10 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ከአሥር ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን ሞለኪውል ይገኛል። ብዙ መሰለዎት? አሁን የሚተነፍሱት አየር በዚያችው ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ሞለኪውል ይዟል። እኛ «ጥቅጥቅ ያለ ደመና» የምንለው ነገር ከተራ ላብራቶሪ ቫክዩም የሳሳ ነው። አንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይገናኝ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

ከጋዙ ጋር አቧራ አለ። በክብደት መቶኛው እጅ ቢሆን ነው። አንዷ ቅንጣት የሚሊሜትር አሥር ሺኛ ገደማ ናት፤ መሃሏ ሲሊከን፣ ኦክሲጅን፣ ማግኒዚየምና ብረት ያለበት አለት መሰል ነገር፣ ወይም ካርቦን። ታሪኩ በሙሉ የሚሠራው እዚህች ቅንጣት ላይ ነው።

ኬሚስትሪ በብርድ አይሠራም ያሉት በከፊል ልክ ነው። በጋዙ ውስጥ ሁለት ሙሉ ሞለኪውሎች ቢጋጩ ብዙውን ጊዜ ተላትመው ይለያያሉ። ለመዋሃድ የሚያስፈልገው ጉልበት የላቸውም። የቅንጣቷ ገጽ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። በዚያ ብርድ የነካት ሁሉ ይጣበቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ መጥቶ ይለጠፋል። ከዚያ የሃይድሮጅን አተም ይመጣል። አተሙ ቀላል ስለሆነ ገጹ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ሲያገኝም የኃይል ግድግዳውን መዝለል አያስፈልገውም፣ በውስጡ ሾልኮ ያልፋል። ይህ የኳንተም ጸባይ ነው። አንድ ሃይድሮጅን፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። በሁለተኛው ላይ ፎርማልዴሃይድ ይሆናል፣ በአራተኛው ላይ ሜታኖል። ኦክሲጅን አተም በዚሁ መንገድ ውሃ ይሆናል፣ ናይትሮጅን ደግሞ አሞኒያ።

ችኮላ የለም። መቶ ሺህ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ጊዜ አለ። በመጨረሻ ቅንጣቷ የበረዶ ካባ ትለብሳለች፤ አብዛኛው ውሃ፣ ከዚያ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሜታኖል፣ አሞኒያ፣ ሚቴን። በዚህ ጊዜ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጋዙን ብንመለከት ባዶ ቤት ይመስላል። ዕቃው ሁሉ በረዶው ውስጥ ተቆልፏል።

አሁን ኮከቡ ይመጣል። ጨቅላ ኮከብ በዙሪያው ያለውን ጋዝ መዋጥ ብቻ ሳይሆን ይተፋልም። በሁለቱ ዋልታዎቹ በኩል ቀጭን የጋዝ ዥረት ይወነጭፋል፣ ጄት ይባላል። ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በቀዝቃዛው ደመና ውስጥ ድምፅ የሚጓዘው በሰከንድ 0.2 ኪሎሜትር ብቻ ነው።

ይህን ልዩነት ልብ ይበሉ። ድምፅ ማለት ወሬ ማለት ነው፤ ጋዙ አንድ ነገር እየመጣ መሆኑን የሚሰማው በድምፅ ፍጥነት ነው። ዱላው ከወሬው 500 እጥፍ ሲፈጥን ወሬው ሳይደርስ ዱላው ይደርሳል። ጋዙ ገለል ለማለት ጊዜ የለውም። በድንገት ይጨመቃል፣ በድንገት ይግላል። ይህ ድንገተኛ ድንበር ነው የምት ሞገድ፣ በኛ አነጋገር ሾክ። በሰከንድ 20 ኪሎሜትር የሚሄድ እንዲህ ያለ ሾክ ጋዙን ለአፍታ ወደ 20,000 ኬልቪን ሊወስደው ይችላል። ፍጥነቱ 25 አካባቢ ሲያልፍ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ራሱ መሰንጠቅ ይጀምራል። ሞለኪውል የሚሰነጥቅ ምት ደግሞ ኬሚስትሪን ከመጀመሪያው ያስጀምራል እንጂ የነበረውን አያሳየንም።

እንዲህ ከሆነ ሜታኖል እንዴት ተረፈ?

መልሱ መግነጢሳዊ መስክ ነው። እዚህ ጋ ወሬ ነጋሪ አለ። ከጋዙ ውስጥ ከአሥር ሚሊዮን ቅንጣት አንዱ ወይም ከዚያም ያነሰው ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ አለው። ቻርጅ ያለው ከመግነጢሳዊው መስክ ጋር የታሰረ ነው፤ መስኩ ሲገፋ እሱም ይገፋል። በመስኩ በኩል ወሬ ከተራ ድምፅ እጅግ ይፈጥናል፣ ከሾኩም ይቀድማል። ስለዚህ ቻርጅ ያላቸው ቀድመው መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ የቀረውንም ጋዝ እየተጋፉ ቀስ በቀስ ይጎትቱታል። ድንገተኛው ድንበር ጠፍቶ ሰፊ ቁልቁለት ይሆናል። ጋዙ ይግላል፣ ግን በአሥር ሺዎች ሳይሆን በመቶዎችና በጥቂት ሺህ ኬልቪን። ሞለኪውሎች ይህን ይቋቋማሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ብሩስ ድሬይን በ1980 ይህን በስሌት ካሳየ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሾክ እንለያለን፦ የሚሰብረውን እና የሚገፋውን። እርስዎ የጠየቁት ኬሚስትሪ በብዛት የሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ አቧራዋ ጠጋ እንበል። እሷም በአብዛኛው ቻርጅ ስላላት ከመስኩ ጋር ትሄዳለች። ገለልተኛው ጋዝ ግን ገና ወደኋላ ቀርቷል። ከቅንጣቷ አንጻር ሲታይ ጋዙ እንደ ዝናብ ፊቷን እየመታት ያልፋል፣ በሰከንድ 20 ኪሎሜትር። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ አንድ የሂሊየም አተም 8 ኤሌክትሮንቮልት (በአተም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት አሃድ) ገደማ ጉልበት ይዟል። የውሃ ሞለኪውል በበረዶው ላይ የተያዘው በግማሽ ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ነው። ሂሳቡ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ጥሩ ምት ከበረዶው ፈንጥሮ ያወጣል። ካባው ተገፎ ያልቃል፤ ውሃው፣ ሜታኖሉ፣ አሞኒያው እንዳለ ወደ ጋዝ ይበተናል።

በረዶው ሞቆ ተንኖ ነው የሚል ማብራሪያ ብዙ ቦታ ያነባሉ። ኮከቡ አጠገብ ባለው ሞቃት ጋዝ እውነት ነው። ከኮከቡ ርቆ ባለ ሾክ ውስጥ ግን አቧራዋ ራሷ ያን ያህል አትግልም። ካባዋ የሚወልቀው በድብደባ ነው።

የአቧራዋ ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይበገርም። ሲሊከኑ በአለቱ ውስጥ በብርቱ ታስሯል። እሱን ለማስለቀቅ ከበድ ያለ ተኳሽ ያስፈልጋል። በሰከንድ 30 ኪሎሜትር የሚመጣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል 130 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ይዟል፤ እሱ ይበቃል። ስሌቶቹ ሲሊከን ከአለቱ በደንብ መውጣት የሚጀምረው ከ25 ኪሎሜትር በሰከንድ በላይ ነው ይላሉ። የወጣው ሲሊከን አተም ኦክሲጅን ሞለኪውል ወይም ሃይድሮክሲል (አንድ ኦክሲጅንና አንድ ሃይድሮጅን) ሲያገኝ ወዲያው ሲሊከን ሞኖክሳይድ ይሆናል።

እንግዲህ አንዱ የምት ሥራ ይኸው። ሲሊከኑ ቀድሞም ነበረ፣ ሞለኪውሉ ግን አልነበረም። ጸጥ ባለው ደመና ውስጥ ሲሊከን ሞኖክሳይድ ከሃይድሮጅኑ አንጻር ከትሪሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም። ሾክ ባለበት እስከ ሚሊዮን እጥፍ ይጨምራል። በዚህ ዘርፍ እንደ እሱ ያለ ታማኝ ምስክር የለም። 86.8 ጊጋኸርዝ ላይ ያለው መስመሩ (ሞለኪውሉ በዚያ ድግግሞሽ የሚልከው የሬዲዮ ምልክት) ከታየ በአካባቢው የሆነ ነገር ተመቷል ማለት ነው። ለዚያውም መስመሩን ማየት ብቻ ይበቃል። ጋዙ በተለያየ ፍጥነት ሲሮጥ መስመሩ ይሰፋል፣ ስለዚህ ወርዱን በፍጥነት እንለካዋለን። የጸጥተኛ ጋዝ መስመር እንደ መርፌ ቀጭን ነው፣ ወርዱ በሰከንድ ግማሽ ኪሎሜትር ቢሆን ነው። የሲሊከን ሞኖክሳይዱ መስመር ግን በአንድ ጎኑ ክንፍ አውጥቶ ሃያና ከዚያ በላይ ኪሎሜትር በሰከንድ ይዘረጋል። ክንፉ ተመትቶ የሚሮጠው ጋዝ ነው። ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ሳየው መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ምንም ሩጫ በሌለበት ቦታ ቀጭን የሲሊከን ሞኖክሳይድ መስመር የታየበት ጊዜ አለ። አንዳንዶች ትንሽ ሲሊከን በረዶው ውስጥም አለ ይላሉ፣ ሌሎች አቧራ ከአቧራ ተጋጭቶ ተሰባብሮ ነው ይላሉ። ጄቱ ራሱ ውስጥ የሚታየው ሲሊከን ሞኖክሳይድ ደግሞ ምናልባት ከአቧራ ነጻ በሆነ ጋዝ ውስጥ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ። ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2023 ያሳየን ኤችኤች 211 የሚባለው ጄት ለዚህ ክርክር ጥሩ መጫወቻ ሜዳ ነው። በፐርሲየስ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ 1,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ በሃይድሮጅን፣ በካርቦን ሞኖክሳይድና በሲሊከን ሞኖክሳይድ ብርሃን ያበራል።

ውሃ ከሁለቱም ወገን ነው። የተወሰነው ከበረዶው ይወጣል። የቀረው እዚያው ጋዙ ውስጥ ይሠራል፦ ኦክሲጅን አተም ከሃይድሮጅን ሞለኪውል ጋር ሃይድሮክሲል ይሆናል፣ ሃይድሮክሲሉ በድጋሚ ከሃይድሮጅን ጋር ውሃ። እነዚህ ሁለት ምላሾች የኃይል ግድግዳ ስላለባቸው በብርድ ሞተው ይቆያሉ። ጋዙ 300 ኬልቪን ገደማ ሲደርስ ግን ይነቃሉ፣ ያገኙትን ኦክሲጅን ሁሉ ወደ ውሃ ይለውጣሉ። በስሌት ከአሥር ሺህ የሃይድሮጅን ሞለኪውል አንድ ያህል ውሃ እናገኛለን ብለን ጠበቅን። በ2009 የመጠቀው ኸርሸል ቴሌስኮፕ በትክክል ውሃውን አየ፤ መጠኑ ግን በብዙ ቦታ ከጠበቅነው እጅግ ያነሰ ሆነ። በኤቪና ፋን ዲስሁክ የተመራው ቡድን የደረሰበት ማብራሪያ አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፦ ከኮከቡና ከሾኩ ራሱ የሚመጣው ብርሃን ውሃውን እግር በእግር እየተከተለ ይሰብረዋል። የተማርኩትን ስሌት ሁሉ በአልትራቫዮሌት እንደገና መሥራት ነበረብኝ። አያስደስትም፣ ግን ልክ ነው።

ድኝ (ሰልፈር) ላይ ብዙ አልቆይም። ከበረዶው የድኝ ውህዶች ይወጣሉ፣ በሞቀው ጋዝ ውስጥ በየተራ ሰልፈር ሞኖክሳይድ ከዚያም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። በ1990ዎቹ ይህን ተራ እንደ ሰዓት እንጠቀምበት፣ የሾኩን ዕድሜ እናንብበት የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ሰዓቱ ከስንት እንደጀመረ አለመታወቁ ነው፤ ድኝ በረዶው ውስጥ በምን መልክ እንደሚቀመጥ ገና አልተፈታም። እኔ በግሌ በዚህ ሰዓት ቀጠሮ አልይዝም።

አሁን «በምን አወቃችሁ» ወደሚለው እንምጣ። ለዚህ የሚሻለው አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። በሴፌየስ አቅጣጫ፣ 1,100 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ ኤል 1157 የሚባል ደመና አለ። ውስጡ ገና በጋዝና በአቧራ የተሸፈነ ጨቅላ ኮከብ አለ። ጄቱ ወደ ደቡብ ሲወነጨፍ ደመናውን የመታበት ቦታ ቢ1 ይባላል። ምቱ የአንድ ወይም ሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ቢኖረው ነው፤ በኛ ሂሳብ ትናንት ማለት ነው። ደግሞም ከኮከቡ ራቅ ያለ ስለሆነ የኮከቡ ሙቀት ነገሩን አያደበላልቅብንም። ለዚህ ነው ሁላችንም እዚያ የምንሰለፈው። ሜታኖል ከጸጥተኛው ጋዝ በመቶዎች እጥፍ በዝቶ የተገኘው እዚያ ነው። በ2016 ፎስፈረስ ከኦክሲጅንም ከናይትሮጅንም ጋር ተጣምሮ የታየውም እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ ጊዜ ነው። ሜታኖልን በጋዝ ውስጥ የሚሠራ ፈጣን መንገድ የለም። ያሉት መንገዶች በሁለት ሺህ ዓመት ይህን ሁሉ አያመርቱም። ታዲያ የተገኘው ሜታኖል ከየት መጣ? ከመጋዘኑ።

ሁለተኛው ማስረጃ የበለጠ ይጥመኛል። ዴዩተሪየም የሚባል ከባድ ሃይድሮጅን አለ። በአካባቢያችን ባለው ጠፈር ከ100,000 ሃይድሮጅን ሁለት ያህሉ ቢሆን ነው። በብርቱ ብርድ ግን አንድ ጉድ ይከሰታል። ዴዩተሪየም በሦስት ሃይድሮጅን የተሠራውን አዮን (ቻርጅ ያለው ሞለኪውል) ያገኝና የአንዱን ቦታ ይቀማል። ለመመለስ ትንሽ ጉልበት ያስፈልገዋል፣ በ10 ኬልቪን ያ ትንሽ ጉልበት የለም። ስለዚህ ገብቶ ይቀራል፤ ከዚያ ወደ አቧራዋ ገጽ፣ ከዚያም ወደ ሜታኖሉ ይተላለፋል። በቢ1 ያለውን ሜታኖል ስንመለከት ዴዩተሪየሙ ከተለመደው በመቶዎች እጥፍ የበለጠ ነው። በሞቃት ጋዝ ውስጥ የተሠራ ሞለኪውል ይህን ሊይዝ አይችልም። የብርድ ማህተም ነው፣ ሞለኪውሉ ላይ ተመትቶበታል። ሾኩ ማህተሙን ለመፋቅ ገና ጊዜ አላገኘም።

ሦስተኛው ወደ ተቃራኒው ይወስደናል፣ ምቱ የሠራውን ያሳየናል። ፎርማማይድ የሚባል ሞለኪውል አለ፤ ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ኦክሲጅንና ናይትሮጅን በአንድ ላይ ስለያዘ ብዙ ሰው ይወደዋል። በረዶ ውስጥ ይሠራል ወይስ በጋዝ የሚለው ለዓመታት አጨቃጭቋል። በ2017 ክላውዲዮ ኮዴላና ባልደረቦቹ የቢ1ን የፎርማማይድ ካርታ ከአሴታልዴሃይድ ካርታ ጎን አስቀመጡ። ሁለቱም አንድ ላይ ከበረዶ ወጥተው ቢሆን ኖሮ በአንድ ቦታ ማብራት ነበረባቸው። አላበሩም። አሴታልዴሃይዱ በቅርብ በተመታው ጎን ይበዛል፤ ፎርማማይዱ ምቱ ካለፈ ቆየት ባለበት ጎን። የዘገየ ሞለኪውል ማለት ለመሠራት ጊዜ የፈለገ ሞለኪውል ነው። ከበረዶ የወጣው አሞኒያ ሲሰባበር የሚተርፈው ቁራጭ፣ ከበረዶ ከወጣው ፎርማልዴሃይድ ጋር በጋዙ ውስጥ ተገናኝቶ የሠራው ነው የሚለው ስሌት ከካርታው ጋር ገጠመ። እንደዚህ ያለ ካርታ ባየሁ ቁጥር ቀላል ጥያቄ ለመመለስ ምን ያህል ስል ዓይን እንደሚያስፈልግ ይገርመኛል። ቀድሞ በአንድ ዲሽ ስናየው ሁለቱ ጎኖች አንድ ነጥብ ነበሩ።

ይህ ሁሉ ግርግር ግን አጭር ነው። ሾኩ ካለፈ በኋላ ጋዙ በመቶዎች ዓመታት ይቀዘቅዛል። ከዚያ ሞለኪውሎቹ አቧራ ባገኙ ቁጥር እየተጣበቁ ወደ በረዶነት ይመለሳሉ። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 100,000 የጋዝ ሞለኪውል ባለበት ቦታ ይህ 10,000 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ሾክ ያለበትን ቦታ የምናየው በዚህች መስኮት ውስጥ ብቻ ነው።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን ያወራነው ኮከቡ ስለሚተፋው ነው። የሚውጠውም ይመታል። ወደ ኮከቡ የሚወድቀው ጋዝ በዙሪያው የሚሽከረከረውን ዲስክ ሲነካ በድንገት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ምቱ ለስላሳ ነው፣ በሰከንድ አንድ ኪሎሜትር አካባቢ። በ2014 ናሚ ሳካይና ባልደረቦቿ በአልማ ቴሌስኮፖች በቶረስ ያለውን ኤል 1527 የተባለ ጨቅላ ኮከብ ሲመለከቱ ሰልፈር ሞኖክሳይድ ከኮከቡ የምድርና የፀሐይን ርቀት መቶ እጥፍ ያህል ርቆ እንደ ቀለበት ተሰብስቦ አገኙት፣ ልክ ጋዙ ዲስኩን በሚነካበት ቦታ። ፕላኔት የሚሠራበት ዕቃ ሁሉ የሚገባው በዚህ በር ነው። ይህ ምት የአለቱን ልብ አይነካም፣ ሲሊከን አያወጣም፤ ከበረዶው ላላ ያለውን ብቻ ይነቅላል። የውሃው በረዶ ዴዩተሪየሙን እንደያዘ ሳይነካ ያልፋል ወይስ እሱም ተበትኖ እንደገና ይሠራል? ያንን ለመለየት በቀለበቱ ውጭና ውስጥ ዴዩተሪየም የያዘውን ከባድ ውሃ ምጣኔ ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል።